ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን እንግሊዝኛ ማስተማር፦ ከአነጋገሩ ይጀመር ወይስ ከሰዋስው?

የማታ_ክፍል

ሰላም ለዚህ ቤት። ሜሪላንድ ውስጥ በሳምንት ሁለት ማታ፣ 90 ደቂቃ 90 ደቂቃ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ክፍል ነው። ተማሪዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ዘጠኙ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች (ስድስቱ ከኤል ሳልቫዶር፣ ሁለቱ ከሜክሲኮ፣ አንዷ ከዶሚኒካን)፣ ሦስቱ የኛው ሰዎች። መጽሐፉ አንድ ነው፣ ስህተቱ ግን ለየቅል። «እስኩል»፣ «ኢዝ ሬይኒንግ»፣ «አይ ሃቭ ትዌንቲ ይርስ»፣ «ማሪያ ኤንድ ሂዝ ሃዝበንድ»። የእኔ ስፓኒሽ ከሰላምታ አያልፍም። «ስሙኝና ድገሙ» ደግሞ ሩቅ አላስኬደም። ከየት ልጀምር? የቱ ስህተት በጊዜው ራሱ ይጠፋል፣ የቱ ካልነኩት ይደድራል? ልምምዱን ደረጃ በደረጃ የምታውቁ ጻፉልኝ።

ጠብቆ_ላልቶ

ድገሙ ማለቱ የማይሠራው ተማሪው ልዩነቱን ስለማይሰማው ነው። ያልሰማውን ምን ብሎ ይድገመው? ስፓኒሽ ያለው አምስት አናባቢ ብቻ ነው። የአሜሪካ እንግሊዝኛ ጥምሮቹን ሳንቆጥር ከአሥር ያልፋል። ስለዚህ መርከቡ «ሽፕ» እና በጉ «ሺፕ» ለስፓኒሽ ጆሮ እዚያው አንድ ቋት ውስጥ ይገባሉ።

እኛ እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን፤ ሳድስና ሣልስ ልዩነቱን በፊደል ያሳዩናል። ሽፕና ሺፕ፣ ስት እና ሲት፣ ልቭ እና ሊቭ። የኛ ሳድስ ከእንግሊዝኛው ድምፅ ይልቅ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ለመለየት ግን ይበቃል። ስፓኒሾቹን የሚያበላሻቸው «አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም ነው» የሚለው የመጽሐፍ ማብራሪያ ነው። ያንኑ የራሳቸውን «ኢ» አሳጥረው ያወጡታል፤ ሰሚው አሁንም የሚሰማው በግ ነው። ልዩነቱ በዋናነት ያለው በምላሱ ቦታና በጡንቻው ውጥረት ላይ ነው። ለበጉ ከንፈር እንደ ፈገግታ ወደ ጎን ይለጠጣል። ለመርከቡ ፊት ሁሉ ይላላል፣ አገጭም ጥቂት ይወርዳል። በእነሱ ቋንቋ ሲነገራቸው ቶሎ ይገባቸዋል፦ ስፓኒሽኛ «ሲ» በሉ፣ ቀጥሎ «ሴ» በሉ፣ አሁን መሃል መንገድ ላይ ቁሙ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። አሥር ጥንድ ቃል በሁለት ዓምድ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ የግራው 1፣ የቀኙ 2። አስተማሪው አፉን በወረቀት ይሸፍናል (ከንፈር ታይቶ መልስ እንዳይሰረቅ)፣ ከአንዱ ዓምድ አንድ ቃል ይላል፣ ተማሪዎች በጣት 1 ወይም 2 ያሳያሉ። ከአሥር ስምንቱን ያላገኘ ወደ መናገሩ አይለፍ። ከዚያ ሚና ይቀየራል፤ ተማሪው ይናገራል፣ ጓደኛው ጣት ያሳያል። በዚህ ሰዓት አስተማሪ አፉን ይያዝ። ጓደኛው ያልታሰበውን ጣት ካወጣ ተናጋሪው ራሱ ድምፁን ያስተካክላል፤ ያ ከሃያ እርማት ይበልጣል። በክፍል አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፣ አንድ ጥንድ ድምፅም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግ። እያንዳንዱን ተማሪ በስልክ ሁለት ደቂቃ ቅዳው፤ አንድ ደቂቃ ንባብ፣ አንድ ደቂቃ ስለ ሥራው በቃሉ። ስታዳምጥ ያልገባህን ቦታ ብቻ ምልክት አድርግ። አነጋገሩ «ፈረንጅ አይመስልም» ብለህ ከጀመርክ ማቆሚያ የለህም።

አሥራ_አራተኛ_ጎዳና

«ስፓኒሽ ተናጋሪ» እያላችሁ በአንድ አትፍረጇቸው። ስድስቱ ከኤል ሳልቫዶር ናቸው ተብሏል፤ ለዋሽንግተን አካባቢ ይህ የተለመደ ነው፣ ከላቲኖዎቹ ብዙዎቹ ሳልቫዶራውያን ናቸው። የሳልቫዶር ሰው ስፓኒሹን ሲናገር በቃል መጨረሻ ያለውን «ስ» ወደ «ህ» ያላላዋል። ዶሚኒካኗ ጭራሹን ትጥለዋለች። የመሃል ሜክሲኮ ሰው ግን «ስ»ን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ «ሺ ወርክ»፣ «ቱ ቡክ» የሚለውን ስትሰሙ ሰዋስው አልገባውም ለማለት አትቸኩሉ። ጽፎ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ወረቀቱ ላይ «ስ» ካለች ችግሩ አፍ ላይ ነው፤ ወረቀቱም ላይ ከሌለች የሰዋስው ነው። መድኃኒቱ የተለያየ ነው።

ሁለተኛ፣ ሳልቫዶራውያንና ዶሚኒካኖች በቃል መጨረሻ ያለውን «ን» ወደ ጉሮሮ ይስቡታል፤ «ፓን» (ዳቦ) እንደ «ፓንግ» ሆኖ «ግ»ዋ ሳትፈነዳ ትቀራለች። ስፓኒሽ ቃል በ«ም» መጨረስም አይወድም። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ሰም»፣ «ሰን»፣ «ሰንግ» (ድምር፣ ፀሐይ፣ የተዘፈነ) አንድ ይሆናሉ። «ፍሮም»ን «ፍሮን» የሚሉት ለዚህ ነው። ከንፈር ገጥሞ እስከ ሁለት መቁጠር፣ ቀጥሎ በአናባቢ የሚጀምር ቃል ማስከተል፦ «ሰም አፕልስ»፣ «ታይም ኢዝ አፕ»። አናባቢው «ም»ን ጎትቶ ያወጣታል።

በ«ህ» ድምፅ ግን ሳልቫዶሮቹን አታድክሟቸው፤ የእነሱ «ህ» እንደኛው ለስላሳ ናት። የሚቸገሩት ሜክሲኮዎቹ ናቸው፣ «ሆቴል»ን ጉሮሮ እየፋቁ ያወጡታል። የዓይን መነጽር ሊወለውል ሲል እንደሚተነፍስ ሰው ይተንፍሱ፣ ያ በቂ ነው።

የማታ_ክፍል

ይሄ ወረቀት ላይ የማየቱ ነገር ወርቅ ነው። «እስኩል» እና «እስቶፕ» ግን ከሁሉም አፍ አልወጣ አለኝ፣ የኛዎቹም ጭምር።

ጠብቆ_ላልቶ

የኛዎቹም ቢሉ አይፈረድባቸውም። እስክሪብቶ፣ እስፖርት፣ እስታዲየም የምንል ሕዝብ ነን። ስፓኒሽም «ስ»ን ከሌላ ተነባቢ ጋር አጣምሮ ቃል አይጀምርም፤ ኤስኩዌላ፣ ኤስፓኛ፣ ኤስቱዲያንቴ። በእነሱ ቤት «ስ» ሁልጊዜ የፊተኛው ክፍለ ቃል መዝጊያ ናት፦ ኤስ·ኩዌ·ላ። ይህን አትታገለው፤ ተጠቀምበት። ከፊት በአናባቢ የሚያልቅ ቃል ስጣቸውና «ስ» እዚያ ትለጠፍ፦ «ማይስ·ኩል»፣ «ዘስ·ትሪት»፣ «ጎስ·ሎው»። ይህ ያለ ምንም ጭንቅ ይወጣላቸዋል። ከዚያ የፊተኛውን ቃል ቀስ በቀስ ማሳነስ፤ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ በአፍ እንቅስቃሴ ብቻ፣ በመጨረሻ በሐሳብ ብቻ።

በዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ለሚመጣው ደግሞ እጅ ጉሮሮ ላይ። «ስ» ሁለት ሰከንድ ሙሉ ትፋጭ፣ በዚያን ጊዜ ጉሮሮ እንዳይንቀጠቀጥ። ከተንቀጠቀጠ «እ» ገብታለች ማለት ነው። የሚሳሳቱት ድምፃቸውን ቀድመው ስለሚከፍቱ ነው እንጂ «ስ» ከብዷቸው አይደለም።

በዚሁ መንገድ፣ ማለትም በቋንቋቸው ውስጥ ያለውን ድምፅ ፈልጎ በማውጣት፣ የሚፈቱ ሌሎችም አሉ። የቲ-ኤች ጉዳይ ዋናው ነው። «ዘ»፣ «ዚስ»፣ «ዘይ» ብለን በኛ ፊደል የምንጽፈው ምላስ በጥርስ መሃል የሚወጣው ድምፅ ለስፓኒሽ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «ናዳ»፣ «ካዳ»፣ «ላዶ» ሲሉ መሃል ላይ ያለችው «ድ» ያቺው ናት፤ ምላስ ሳትመታ ታልፋለች። ተማሪው «ናዳ» እያለ መሃሏ ላይ ቆሞ ያስረዝማት፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ይሻገር። ነገር ግን ስፓኒሽ ይህችን ለስላሳ «ድ» የሚሰጠው በአናባቢዎች መሃል ነው፤ ከዝምታ በኋላ፣ ከ«ን»ና ከ«ል» በኋላ «ድ» ትጠነክራለች። ስለዚህ «ሲ ዘ ዶር» ሲሉ በደንብ ወጥቶላቸው «ኢን ዘ» ላይ «ኢን ደ» ቢሉ ደንቡን ተከትለው ነው። ልምምዱ ከአናባቢ በኋላ ይጀምር፣ «ን» የምትቀድመው ለሦስተኛው ሳምንት ትቆይ።

«የ» ወደ «ጀ» የምትቀየረውም በዚሁ ሕግ ነው። «የስ» ብለው ሲጀምሩ «ጀስ» ይሆናል፤ «ኢን ዩር» ደግሞ «ኢን ጁር»። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ሲል እስር ቤት የገባ ይመስላል፤ «የል» እና «ጀይል» ይቀራረባሉና። አንድ ሰከንድ «ኢ» ብለው ሳያቋርጡ ይግቡ፦ «ኢ—የስ»። «ዉድ» (እንጨት) «ጉድ» ሲሆንባቸውም መንገዱ ያው ነው፣ ከ«ኡ» መነሳት። «ቭ» ከ«ፍ» ትወለድ፤ «ፍ» አላቸው፣ ጥርስ ከንፈር ላይ እንዳለ ጉሮሮን ማስነሳት ብቻ ነው። «ሽ» ደግሞ ሕፃን ዝም ለማሰኘት የሁሉም አገር ሰው የሚላት ናት፤ እሷን አስረዝመው ወደ «ሹዝ» ይግቡ፣ «ቹዝ» እንዳትሆን። አርጀንቲናዊ ከመጣ ይህን መዝለል ይቻላል፤ «ዮ» የሚለውን እነሱ «ሾ» ነው የሚሉት።

ነቁጥ

አንዲት እርማት። ዩኒቨርሲቲና እስር ቤቱ የማይገናኙ ምሳሌዎች ናቸው። «የል» መጮህ ነው፣ ዩኒቨርሲቲውም ታዋቂው «የይል» ነው ለማለት ተፈልጎ ይመስለኛል፤ «የይል» እና «ጀይል»፣ ልክ።

ሌላው «ዝ» ናት፤ አልተነሳችም። ስፓኒሽ «ስ»ና «ዝ»ን እንደ ሁለት ድምፅ አይለይም። «ፕራይስ» (ዋጋ) እና «ፕራይዝ» (ሽልማት)፣ «አይስ» እና «አይዝ» ይደበላለቃሉ። አንዳንድ መጻሕፍት «ሚስሞ» ከሚለው ቃል አውጡ ይላሉ፤ «ም» ስለምትከተላት «ስ» እንደ «ዝ» ትሰማለችና። ለሜክሲኮ ሰው ይሠራል። ለሳልቫዶሩ ግን አይሠራም፣ እሱ «ሚህሞ» ነው የሚለው። ለእሱ ንብ ይሁን፤ «ዝዝዝ»፣ እጅ ጉሮሮ ላይ።

ደግሞ በቃል መጨረሻ ላይ «ዝ»ን ብቻ አትከታተሉ። እንግሊዝኛ ከነዛሪ (ጉሮሮ ከሚንቀጠቀጥበት) ተነባቢ በፊት ያለውን አናባቢ ያስረዝማል። «ባክ» እና «ባግ»፣ «ሲት» እና «ሲድ»፣ «አይስ» እና «አይዝ»፦ ሰሚው በአብዛኛው የሚለየው በአናባቢው ርዝመት ነው። ተማሪው «ግ»ን አጥርቶ ባያወጣት እንኳ «ባ—ግ» ብሎ ካስረዘመ ይገባል።

ጠብቆ_ላልቶ

«የይል» ነው፣ ተቀብያለሁ።

ጠመኔ

ወደ ሰዋስው እንምጣ፤ አነጋገሩ ብቻውን ክፍሉን እንዳይበላው። ከጠያቂው አራት ምሳሌዎች ሦስቱ ከስፓኒሽ ቃል በቃል የተቀዱ ናቸው፣ ምንጫቸውን ማወቅ ማስተማሩን ግማሽ ያቀልላል።

«ኢዝ ሬይኒንግ»። ስፓኒሽ እንደ አማርኛ ባለቤቱን ግሡ ላይ ይሸከማል። «መጣች» ስንል «እሷ» አያስፈልግም፤ እነሱም እንዲሁ። እንግሊዝኛ ግን ከትእዛዝ በቀር ጊዜ ያለው ግሥ ሁሉ ፊቱ ባለቤት ይፈልጋል፣ ባይኖረው እንኳ ባዶ «ኢት» ይቀመጥለታል፤ ለዝናቡ፣ ለሰዓቱ፣ ለርቀቱ፣ ለ«አስፈላጊ ነው»ው። እርማቱ በጣት ነው። አስተማሪው ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ጣት ያወጣል፤ ለ«ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ሦስት። ተማሪው «ኢዝ ሬይኒንግ» ሲል የመጀመሪያዋን ጣት ያወዛውዛል፣ ምንም አይናገርም። ከሳምንት በኋላ ጣት ማንሳቱ ብቻ ይበቃል። ባለቤቱን ከግሡ በኋላ ማስቀመጥም ከዚሁ ይመጣል፦ «አራይቭድ ዘ በስ»። በስፓኒሽ ምንም ነውር የለበትም።

«አይ ሃቭ ትዌንቲ ይርስ»። ስፓኒሽ ዕድሜን «አለኝ» ይላል፣ «ቴንጎ»። በዕድሜ ብቻ አያበቃም፦ ረሃብ አለኝ፣ ጥም አለኝ፣ ብርድ አለኝ፣ ሙቀት አለኝ፣ እንቅልፍ አለኝ፣ ፍርሃት አለኝ፣ ችኮላ አለኝ፣ ዕድል አለኝ፣ እውነት አለኝ (ልክ ነኝ ለማለት)። እነዚህን ዘጠኝና ዕድሜን አንድ ካርድ ላይ ጽፎ ርእሱን «ቴንጎ ሲባል አይ አም» ማለት ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ይሰጥ። ነጣጥሎ ማስተማር ዕድሜውን አስተካክሎ ረሃቡን ይተወዋል። የተገላቢጦሹ ደግሞ «አይ አም አግሪ» ነው፤ ስፓኒሹ «ኤስቶይ ደ አኩዌርዶ» ስለሚል መሆንን ያለ ቦታው ያመጣሉ።

«ማሪያ ኤንድ ሂዝ ሃዝበንድ» ለኛ ለመረዳት የሚከብደው ይሄ ነው፤ አማርኛ «ባሏ» እና «ባሉ» ብሎ ስለሚለይ ሰው እንዴት ይሳሳተዋል እንላለን። የስፓኒሽ «ሱ» ግን የእሱ፣ የእሷ፣ የእነሱ፣ የዕቃው፣ ደግሞም የእርስዎ ማለት ነው። አምስት የእንግሊዝኛ ቃል በአንዲት ቃል። ብዙ ቁጥር የሚያሳየውም የተያዘው ነገር ነው እንጂ ያዡ አይደለም። ስለዚህ ትምህርቱ «ሂዝ ለወንድ፣ ኸር ለሴት» ብሎ አይጀምርም፤ «የማን ነው?» ብሎ ይጀምራል። የአንድ ቤተሰብ የዘር ሐረግ ሰሌዳ ላይ ይሣላል፣ ስምንት ስሞች። አስተማሪው ወደ ባልየው እያመለከተ «ሁዝ ሃዝበንድ?» ይላል፣ ተማሪው መጀመሪያ «ማሪያስ»፣ ከዚያ «ኸር ሃዝበንድ»። ባለንብረቱ ሁልጊዜ ይቅደም። ተማሪው ለአስተማሪው «ሃው ኢዝ ዩር ማዘር?» ሲል ስለ አስተማሪው እናት ይሁን ስለ ማሪያ እናት መለየት ካልቻላችሁ፣ ምክንያቱ ይሄው «ሱ» ነው።

በጥያቄ ላይ ሁለት ነገር ይታያል። መጀመሪያ «ዱ»ን ይጥላሉ፣ «ዩ ላይክ ኮፊ?»። «ዱ» ሲገባቸው ደግሞ ያለፈውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ፣ «ዲድ ዩ ዌንት?»። ያለፈ ጊዜ አንዴ ብቻ ይከፈላል፤ «ዲድ» ከከፈለ ዋናው ግሥ ነፃ ነው። በካርድ ማሳየት ይቻላል፦ «ኤድ» የተጻፈባት አንዲት ካርድ ብቻ አለች፤ ወይ «ዲድ» ይይዛታል ወይ ግሡ።

አሥራ_አራተኛ_ጎዳና

«ኤክስፕሌን ሚ»፣ «ሺ ሴድ ሚ» የሚሉትም ከስፓኒሽ ቃል በቃል የተቀዱ ናቸው። «ኤክስፕሊካሜ» አንድ ቃል ነው በእነሱ፣ ልክ እንደኛ «አስረዳኝ»። «ኤክስፕሌን ኢት ቱ ሚ» ብሎ አራት ቃል ማድረግ ለሁለታችንም ወጪ ነው።

መስተዋድዶቹን በግሥ ጥንድ ያጥኗቸው እንጂ በትርጉም አይሁን። ስፓኒሽ «ዲፔንድ ኦቭ»፣ «ማሪድ ዊዝ»፣ «ቲንክ ኢን» ያሰኛቸዋል። «ኤን» ደግሞ ኢን፣ ኦን እና አት ሦስቱንም ይሸፍናል። የቀን ስም ኦን፣ የሰዓት አት፣ የወርና የዓመት ኢን። በቃ።

ነቁጥ

ጠመኔ በጣም ጥሩ ጽፏል፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ባለቤት መጣል ለመረዳት አያግድም፤ «ኢዝ ሬይኒንግ» ያለ ሰው ምን ሊል እንደፈለገ ሁሉም ይገባዋል። ያለፈው ጊዜ መጨረሻ ግን ያግዳል። «አይ ወርክ ኢን ኤ ሬስቶራንት» ብሎ ለሥራ ቅጥር የተጠየቀ ሰው አሁን ይሠራል ወይስ ድሮ ነበር? ቅድሚያው ለዚህ ይሁን።

ጽሑፉ ስለሚያሳስት ልምምዱ ያለ ወረቀት ይደረግ። ደንቡ ሦስት ነው። ግሡ በ«ት» ወይም በ«ድ» ድምፅ ካለቀ ብቻ ተጨማሪ ክፍለ ቃል ይመጣል፦ ዋንትድ፣ ኒድድ። ኢነዛሪ በሆኑት (ጉሮሮ በማይንቀጠቀጥባቸው) በነ«ፕ»፣ «ክ»፣ «ፍ»፣ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ች» ካለቀ «ት» ትሆናለች። በቀረው ሁሉ «ድ»። ስፓኒሽ አፍ ሁሉንም «ኤድ» ያደርገዋል፤ «ስቶፕት»ን «ኤስቶፔድ»። ጆሮአቸው የሚፈልገው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ስንት ጊዜ ታጨበጭባለህ? «ስቶፕት» አንድ፣ «ዋንትድ» ሁለት። ሃያ ግሥ በጭብጨባ ይለዩ። «ት» ነው ወይስ «ድ» የሚለውን ለጊዜው ተዉት፣ አፋቸው ራሱ ይመራዋል።

ሁለት ተነባቢ መደራረቡ ሲከብዳቸው ቀጥሎ በአናባቢ የሚጀምር ቃል ይምጣ፤ «ወርክ·ቶል ደይ»፣ «ስቶፕ·ቲት»። «ት»ዋ ወደሚቀጥለው ቃል ትዘላለች። «ወክት ቱ» ላይ ግን «ት» ከ«ት» ተዋሕዳ ለአሜሪካዊውም አትሰማም፤ እዚያ ላይ ተማሪ ማስጨነቅ ከንቱ ነው።

ጠመኔ

የነቁጥ ቅደም ተከተል ትክክል ነው፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ በተለይ። እኔ ግን ባለቤቱን ያስቀደምኩት ስለሚደድር ነው። ማንም ስለሚገባው ማንም አያርመውም፣ አሥር ዓመት ይኖራል። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ማስኬድ ይቻላል።

በራሳቸው ጊዜ የሚጠሩት እነዚህ ናቸው፦ ቅጽልን ማብዛት («ብላክስ ሹስ»)፣ ቅጽልን ከስም በኋላ ማስቀመጥ፣ «ፎር ቱ ስተዲ»። እነዚህ በመስማት ብቻ ይወድቃሉ። የማይወድቁት ባለቤት፣ «ሱ»፣ ሦስተኛ መደብ «ስ» እና «ዘ» ናቸው። «ዘ»ን ያለ ቦታዋ ያበዟታል፤ ሕይወትን «ላ ቢዳ» ስለሚሉ «ዘ ላይፍ ኢዝ ሃርድ»። «ፒፕል ኢዝ» ደግሞ «ሄንቴ» (ሰዎች) በስፓኒሽ ነጠላ ስለሆነች ነው።

የማታ_ክፍል

በጣም አመሰግናለሁ። ሦስቱን የኛ ሰዎችስ? ለስፓኒሾቹ ይህን ሁሉ ሳለማምድ እነሱ ቁጭ ብለው ይጠብቁ?

ጠብቆ_ላልቶ

በጭራሽ። የኛ ሰው «ሸ»ና «ቸ»ን፣ «የ»ና «ጀ»ን፣ «ሰ»ና «ዘ»ን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የለየው። በጣት ልምምዱ ላይ ሰሚዎቹ እነሱ ይሁኑ። የሳልቫዶሩ ተማሪ «ቸር» ይሁን «ሼር» ያለው ሐበሻው ወዲያው ጣት ያወጣል፤ ሌላ ስፓኒሽ ተናጋሪ ጋር ካጣመርከው ግን ሁለቱም ሳይሰሙት ይስማማሉ። ቅርጫቱን ገልብጠው ደግሞ፦ የቃል ቅደም ተከተል ላይ ስፓኒሾቹ ይምሩ። ግሥ መሃል ማስቀመጥ ለእነሱ ተፈጥሯዊ ነው፣ «የመጣው ሰውዬ»ንም «ሰውዬው የመጣው» ብለው እንደ እንግሊዝኛው ያስከትላሉ። የኛዎቹ እዚያ ላይ ይንገዳገዳሉ።

አብረው የሚሳሳቱትም አለ፣ እሱን ለሁሉም በአንድ ላይ ስጠው። «አይ ዶንት ሃቭ ናቲንግ»፤ በስፓኒሽም በአማርኛም («ምንም የለኝም») ሁለት አሉታ ሕጋዊ ነው። «አይ ሊቭ ሂር ሲንስ 2019»፤ ሁለቱም ቋንቋ እዚህ ላይ የአሁን ጊዜ ነው የሚጠቀሙት። «አይ አም ቲቸር» ያለ «ኤ»።

ቃል_በቃል

ስለሚመሳሰሉ ቃላት ማንም አላነሳም። ብዙ ሺህ ቃል ለስፓኒሽ ተናጋሪ በነፃ ይመጣል፣ ከዚያ ውስጥ የሚከዱት ጥቂቶች ናቸው፣ ግን ክፉኛ ይከዳሉ። «ኤምባራሳዳ» እርጉዝ እንጂ ያፈረች አይደለችም። «አክቱዋልሜንቴ» አሁን፣ «አሲስቲር» መገኘት፣ «ሊብሬሪያ» መጻሕፍት መሸጫ፣ «ካርፔታ» የወረቀት ማቀፊያ፣ «ኤክሲቶ» ስኬት (መውጫ በር አይደለም)። ክሊኒክ አካባቢ ለሚሠሩ «ኢንቶክሲካዶ» የግድ ነው፤ በስፓኒሽ የበላው ወይም የጠጣው የጎዳው ሰው ማለት ነው። በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ የአንድ የ18 ዓመት ወጣት ቤተሰብ ይህን ቃል ሲናገሩ ሐኪሞቹ አደንዛዥ ዕፅ በዛበት ብለው ተረዱት። ልጁ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ።

የሚመሳሰሉት ቃላት በድምፅም ይከዳሉ። «ኢንፎርማሲዮን» ጉልበቱ መጨረሻው ላይ ነው፣ «ኢንፎርሜሽን» ግን «ሜ» ላይ። ደንብ አለው፦ በ«ሽን»፣ በ«ኢክ»፣ በ«ኢቲ» በሚያልቁ ቃላት ጉልበቱ ከቅጥያው ፊት ያለው ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል። ኢኮኖሚክ «ኖ» ላይ፣ ኤሌክትሪሲቲ «ትሪ» ላይ። «ፖለቲክስ» ያፈነግጣል። የብር ማሰሪያ ላስቲክ በሁለት እጅ ይያዙ፣ ጉልበት ያለበት ላይ ይለጥጡት፣ የቀሩት ላይ ይልቀቁት። ስፓኒሽ ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል ሙሉ አናባቢ ይሰጣል፤ ቾ·ኮ·ላ·ቴ አራት ነው፣ እንግሊዝኛው «ቾክ·ለት» ሁለት። ሲለቁት መዋጥ እንዳለባቸው እጃቸው ይነግራቸዋል።

ነቁጥ

በዚሁ ላይ ሁለት የገንዘብ ጉዳዮች። 13 እና 30፣ 14 እና 40፣ 18 እና 80። «ቲን» ላይ «ት» በትንፋሽ ትወጣለች፣ ጉልበትም አለ። በአሜሪካ አፍ «ተርቲ»፣ «ፎርቲ»፣ «ኤይቲ» ግን «ተርዲ»፣ «ፎርዲ»፣ «ኤይዲ» ናቸው። ሶፍት ከአፍ አሥር ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ተይዞ በ«ቲን» ይንቀሳቀስ፣ በ«ዲ» ይቁም። ይቺው ሶፍት ለ«ፒግ» እና «ቢግ»፣ ለ«ኮት» እና «ጎት»ም ታገለግላለች፤ ስፓኒሽ «ፕ፣ ት፣ ክ» ትንፋሽ ስለሌላቸው አሜሪካዊው «ብ፣ ድ፣ ግ» ይሰማል። ከ«ስ» በኋላ ብቻ ትንፋሽ የለም፣ «ስፒን» ላይ ሶፍቷ ዝም ትበል።

«ካን» እና «ካንት»። «ት»ዋን ማንም አያወጣትም፤ የሚለየው አናባቢው ነው። «አይ ክን ጎ» ጉልበቱ ግሡ ላይ፣ «አይ ካንት ጎ» ጉልበቱ ሁለቱም ላይ። ተማሪው ጥርት አድርጎ «አይ ካን ጎ» ካለ አለቃው አልችልም ያለ ይመስለዋል፤ ቅዳሜን ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የማታ_ክፍል

ስምህን በስልክ አስመዝግብ ሲባሉስ? ፊደል ሲቆጥሩ ኤ፣ ኢ፣ አይ ይገለባበጥባቸዋል።

ጠብቆ_ላልቶ

ይገለባበጣል እንጂ። የስፓኒሽ ሁለተኛ አናባቢ ስሟ «ኤ» ነው፣ ያ በእንግሊዝኛ የመጀመሪያዋ ፊደል ስም ይመስላል። የስፓኒሽ ሦስተኛዋ «ኢ» ናት፣ ያ ደግሞ የእንግሊዝኛ ሁለተኛዋ አናባቢ ስም ነው። ስለዚህ ጸሐፊዋ ስሙን ሙሉ በሙሉ ቀይራ ትመዘግባለች። አምስቱን አናባቢዎች ብቻ በካርድ፣ ቅደም ተከተል እያዘበራረቁ፣ በየክፍሉ መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ። «ቢ» እና «ቪ» ላይ በድምፅ አይታመኑ፤ ስፓኒሾቹም በአገራቸው «ትልቁ ቤ፣ ትንሹ ቤ» እያሉ ነው የሚለዩት። «ቢ አዝ ኢን ቦይ፣ ቪ አዝ ኢን ቪክተር» ይበሉ። «ጂ» እና «ጄ» ላይም እንዲሁ፣ «ጎልፍ» እና «ጆን»። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ስም፣ የመንገዱን ስምና ስልኩን ጀርባውን ሰጥቶ ለተቀመጠ ጓደኛው ይቁጠርለት፤ ጓደኛው የጻፈውን ያሳየው። ጀርባ መስጠቱን አትዝለሉት፣ ስልክ ፊት የለውም።